ቡሬን የሰጠሁ ለት

ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ ቡሬ ከተማን ከነሰዉ ለአጎቴ ልጅ ሰጥቻት ነበር። አባቴ ደግሞ ያኔ ቡሬ ነበረ።

የምንኖረው ከፈረስ ቤት ከተማ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ የደጋ መንደር ነው። ያኔ ስልክ የለም፣ መኪናም አይደርስም። በታኅሣሥ ሲነጋ የገብሱ ማሳ ላይ ውርጩ ጨው እንደተበተነበት ነጭ ሆኖ ያድራል። አባቴ ቡሬ አንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ ጆንያ ሲሸከም ይከርምና ለገና ይመጣል። ለገና የማይመጣ አልነበረም፤ አጎቴም ከነሚስቱ ከነልጁ ከፍኖተ ሰላም ይመጣል፣ ቤቱ ሰው በሰው ይሆናል፣ እኛ ልጆችም አንድ መደብ ላይ ተደርድረን የአንዱ እግር በሌላው አፍንጫ ሥር ያድራል።

የእነዚያ ቀኖች ጌታ ግን እማሆይ ነበሩ፣ የአባቴ እናት። ቆብ ከመድፋታቸው በፊት ከወንድማቸው ጋር በመሬት ሰባት ዓመት የተሟገቱ ሰው ናቸውና ተረታቸው ሁሉ ችሎት ነው። ጀንበር ጠልቃ ከብቱ ሲገባ፣ እናቴ ኩራዙን አብርታ ምሰሶው ላይ ስትሰቅል፣ እኛ ድንቹን ፍም ውስጥ ቀብረን ዙሪያውን ስንቀመጥ፣ እሳቸው ጭሱን በጭራቸው ከፊታቸው እያባረሩ ይጀምራሉ። ጅብ አህያን ይከሳል፤ «መንገድ ላይ ስታየኝ ሮጠች፣ በሰው ፊት ስሜን አጠፋች» ይላል። ቁራ ምስክር ይቆጠራል፣ ዝንጀሮ ዳኛ ሆኖ ቀጠሮ ይሰጣል። አህያዋም ቆማ «ጌታዬ፣ የሮጥሁት ስሙን ላጠፋ ሳይሆን ነፍሴ እንዳትጠፋ ነው» ትላለች። እኛ ስንስቅ ድንቹ ያርራል።

ተረቱ ሲያልቅ እንቆቅልሽ ይመጣል። መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል። በዚያ ዓመት ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው የአጎቴ ልጅ ብርቱካን ተነሣችብኝ። ዕድሜያችን እኩል ነው፤ እሷ ግን የከተማ ልጅ ናት፣ አዲሱን የፕላስቲክ ጫማዋን እሳት ዳርም አታወልቅ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ።»

«ሦስት እግር አለው፤ ሰው ይውጣል፤ ሲደርስ ይተፋል።»

አሰብሁ፣ አሰብሁ። ሦስት እግር ያለው የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በርጩማ!» አልሁ።

«ሰው የሚውጥ በርጩማ!» ብርቱካን ሆዷን ይዛ ወደቀች። «እማሆይ፣ እንግዲህ እርስዎም ሲቀመጡ ይጠንቀቁ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እማሆይ ራሳቸው ብድግ ብለው የተቀመጡበትን አዩ።

«በይ አገር ስጭኝ» አለችኝ።

«ፈረስ ቤትን ሰጥቸሻለሁ።»

«ብርዱን ምን ላደርገው? መኪና ያለበት ስጭኝ።»

እኔ መኪና ያለበት አገር የማውቀው ከአባቴ አፍ የሰማሁትን ነው። «እንኪ፣ ቡሬን» አልሁ።

«ቡሬ ገብቼ ምን አጥቼ! በርበሬው የኔ፣ ማሩ የኔ፣ መኪናው የኔ፣ ሰዉ ሁሉ የኔ! አንቺ እዚሁ ድንችሽን ላጪ! መልሱ ባጃጅ ነው!»

ባጃጅ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁ። «ሰዉ ሁሉ የኔ» ያለችው ጆሮዬ ላይ ቀረ።

አባቴ በማግስቱ ከገበያተኛ ጋር እገባለሁ ብሎ ልኮ ነበር። ገበያተኛው ተመለሰ፤ አባቴ የለም። በሁለተኛውም ቀን የለም። እናቴ «መኪና ሞልቶበት ይሆናል» ትላለች፣ ግን ጠላውን ስትጠምቅም በግ ስታስርም ዓይኗ በሩ ላይ ነው። እኔ ግን ምክንያቱን አውቀዋለሁ። አባቴን የሰጠሁት እኔ ነኛ። ብርቱካንን ከጓሮ አግኝቼ «ቡሬን መልሽልኝና ጎንደርን ልስጥሽ» አልኋት። «የተሰጠ አይመለስም» አለች። «እሽ አባቴን ብቻ» ስላት «እሱም ከአገሩ ጋር መጥቷል፣ የኔ ነው» ብላ እየዘለለች ሄደች። ለሷ ጨዋታ ነው። እኔ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ እሳት ዳር ተሰብስቦ ሳለ፣ እንባዬ አመለጠኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ እማሆይ።

«ጭሱ ነው።»

«ጭሱስ ወደኔ ነው የሚመጣው። አንቺ ለምን ታለቅሽልኛለሽ?»

ያኔ ሁሉንም ተናገርሁ። አጎቴ ሳቁ ሲያመልጠው እማሆይ ጭራቸውን አነሡበት። «ዝም በል! ችሎት ነው። ከሳሽ፣ ተነሽ። ምንሽ ተወሰደ?»

«አባቴ።»

«ተከሳሽስ ምን ትያለሽ?»

ብርቱካን መጀመሪያ አፈረች፣ ኋላ ግን ጣማት። «ሰጥታኝ ነው እንጂ አልወሰድሁም። ላም ስትሸጥ በሆዷ ያለው ጥጃ ለገዢው አይደለም እንዴ?»

«ይችስ ጠበቃ ናት!» አለ አጎቴ።

ያኔ ለኪዎች በየቀበሌው በገመድ እየለኩ ለገበሬው የመሬት ደብተር የሚሰጡበት ዓመት ነበር። እማሆይ ይኸ ትዝ አላቸውና «ደብተር አለሽ? ቡሬ በስምሽ ተለክቷል?» አሏት።

«የለኝም። በደብተር ከሆነ ግን እማሆይ፣ እርስዎም አምና በእንቆቅልሽ አባቴን ረትተው የወሰዱትን ጎንደርን ይመልሱ!»

ሰው ሁሉ እማሆይን አየ። እማሆይ ጎንደርን ሊመልሱ አልፈለጉም። ጭራቸውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ወዘወዙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ክሴ ሊወድቅ መሰለኝ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ እንዲህ አልሁ፦

«እማሆይ፣ አገሩን ሰጥቻለሁ፣ አልክድም። አባቴ ግን የቡሬ ሰው አይደለም። ጆንያ ሊሸከም ሄዶ ነው። የዚህ ቤት ሰው ነው።»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እማሆይ ቆባቸውን አስተካከሉ። «ቡሬ የብርቱካን ነው፣ ይጽናላት። ሰውየው ግን እንግዳዋ ነው። እንግዳ ደግሞ በዓል ሲደርስ ይሰናበታል እንጂ አይያዝም። ውጪና አሰናብቺው!»

ሁላችንም ደጅ ወጣን። ብርቱካን ፊቷን ወደ ዳገቱ ሰጥታ ልትጮኽ ስትል አጎቴ ትከሻዋን ይዞ ቡሬ ወዳለበት አዞራት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ አባቴን በስሙ እየጠራች፣ «አያ ጌትነት! አሰናብቸዎታለሁ! ለመንገድዎ ማርም ይውሰዱ!» ብላ ስትጮኽ የመንደሩ ውሻ ሁሉ መለሰላት።

በማግስቱ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ በጉ ታርዶ፣ ወንዶቹ ሜዳ ላይ ገናቸውን ሲመቱ፣ ከታች በመንገዱ አንድ ሰው እያነከሰ ሲመጣ አየሁ። እኔ ሳልነሣ እናቴ ሮጠች። እናቴ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። ደረሰችበት፣ የተሸከመውን ተቀበለችው፣ በጆሮው አንድ ነገር አለችውና ከኋላው ሆነች።

አባቴ ግቢ ሲገባ ማንንም አልሳመ። «የቡሬዋ ገዢ የት አለች?» አለ ኮስተር ብሎ። ብርቱካን እናቷ ኋላ ተደበቀች። «ትናንት ከሰዓት አሰናበትሽኝ አይደል? ድምፅሽ ሲደርሰኝ ጆንያ በትከሻዬ ነበር፤ ጥዬው መጣሁ። ማሩን ግን ሰዎችሽ ከለከሉኝ፣ ቅጪያቸው!»

ከዚያ እኔን አነሣኝ። ካፖርቱ በርበሬ በርበሬ ይሸትት ነበርና አንገቱ ሥር ገብቼ አስነጠሰኝ፣ እሱም አስነጠሰው፣ ሰውም ሳቀ። እንደዚያ ዓመት የጣመኝ ገና የለም።

ብዙ ጊዜ ነገሩን እንዳለ አምኜው ኖርሁ። ኋላ ሳድግ ነው አባቴ ከቡሬ የተነሣው ቀደም ብሎ እንደነበር፣ ፍኖተ ሰላም መኪና አጥቶ ሁለት ቀን እንደቆየ፣ ከፈረስ ቤት ጨለማውን በእግሩ እንደመጣ የሰማሁ። ያን ሁሉ ሲቀልድልን እግሩ አብጦ ነበር።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ፣ ፈሪ እናት። ባለቤቴ መንገድ ወጥቶ ትንሽ ከዘገየ ልጄን እንኳ የማቅፍበት ልብ አጣለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ጨንቆኝ ሳለ እናቴን ጠየቅኋት፤ ያኔ አባቴን በጆሮው ምን አልሽው? አልኋት።

«ምን እላለሁ፣ ችሎቱን ነግሬው፣ ልጅቱ አባቴን ሰጠሁ ብላ ታስራብሃለችና መጀመሪያ እሷን ፍታት፣ እኔን ኋላ ትስመኛለህ ነው ያልሁት» አለችኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ እሷም በር በሩን ስታይ ከርማ፣ ባሏን በሕይወት ስታገኘው ቀድማ የነገረችው የኔን ክስ ነው። ከዚያ ሁሉ ተረትና ሳቅ እኔ ዘንድ የቀረው ይኸ ነው፤ እኔስ ይህን ያህል እችል ይሆን እያልሁ፣ የልጄን ፀጉር እዳብሳለሁ።