አያያዝህ እንዴት ነው?

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት የተቀደደ የስፖንጅ ፍራሽ ነው። ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ጨርቁ ተገሽልጦ ቢጫው ስፖንጅ ወጥቷል። ዘጠኝ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ እኔን ያያል፣ እኔ ፍራሹን አያለሁ። ያሳሰረኝን ጽሑፍም ሆነ ቤት ትቻት የመጣኋትን ሚስቴን አላሰብኩም። ያሰብኩት "ይሄ እኮ ዳርት ይይዛል" ብዬ ነው። አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል፤ ደግሞም ያስቀኛል።

ወሎ ሰፈር ከሥራ ስንወጣ ዳርት፣ ያችን ክብ ሰሌዳ ላይ የምትሰካ ባለ ጭራ ቀስት፣ የምንወረውርበት አንድ ግሮሰሪ አለ። ሐሙስ ከመጣ ዝናብም ሆነ ለቅሶ አያስቀረኝም ነበር። ጎበዝ ነበርኩ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ትሕትና የለኝም።

ችግሩ እጄ ነው። ሲይዙኝ ካቴናውን ከመጠን በላይ አጥብቀውት ነበር፤ እስከ ማግስቱ ቀትር ድረስም ማንም አልፈታልኝም። ሲፈታ የቀኝ አውራ ጣቴ የእኔ አልሆን አለኝ። ይንቀሳቀሳል፣ የነካውን ግን አያውቅም። ክፍሉ በገባሁበት ቀን የሻይ ብርጭቆ ስይዝ ትኩስ መሆኑን የነገሩኝ ሌሎቹ ጣቶቼ ናቸው።

ክፍሉ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም አይርቅም። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል፤ አፉን የከፈተ እንደከፈተ ይጠብቃል። ካለፈ በኋላ ሁሉም ካቆመበት ይቀጥላል።

ሚስቴ በየቀኑ ምግብ ታመጣለች። ሳህኑ ይገባል፣ ሳህኑ ይወጣል፤ እሷን ግን አያሳዩኝም። ጥብስ ስትልክልኝ ሥጋ ጥርሴ መሃል እንደሚቀር ስለምታውቅ ስቴኪኒ በሶፍት ጠቅልላ ትጨምርበታለች። ፈታሾቹ ሹካ ይመልሳሉ እንጂ ስቴኪኒ ቁም ነገር ብለው አያዩትም። እኔም ሦስት ስቴኪኒ አጠራቅሜ እያንዳንዱን በቁራጭ የጁስ ስትሮ ውስጥ ሻጥኩት፤ ከብስኩት ላስቲክ ጭራ ቀጠልኩለት። በሻይ አተላ ፍራሹ ላይ ክብ ሠራሁና ወረወርኩ። ሦስቱም በሆዳቸው ወደቁ።

"ምንድን ነው የምትሠራው?" አሉኝ ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ቶርኖ ቤት የነበራቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ሲጠርቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

"ዳርት ነው ጋሼ። ጨዋታ።"

"እስቲ አምጣው።" ጠቋሚ ጣታቸው ላይ አጋደሙት። ወደ ጭራው ዘመመ። "ይኸው፣ ኋላው ከብዶታል። እንዲህ ከሆነ አፍንጫውን ሰቅሎ ይሄድና ይወድቃል። ፊቱ ላይ ክብደት ይፈልጋል። ዳቦ አለህ?"

ዳቦውን አኘኩት፤ እሳቸው በጣታቸው አድቦልቡለው ከጫፉ ትንሽ ከፍ አድርገው ለጠፉት። ጣታቸው ላይ መልሰው ሲያጋድሙት አልዘመመም። ጋሼ ዳርት ሲወረወር እንኳ አይተው አያውቁም፤ ሚዛን ግን ያውቃሉ።

ዳቦው ሲደርቅ ወረወርኩት። ተሰካ፤ ግን ከክቡ ክንድ ያህል ርቆ።

"ለምን እንደዚያ ጨብጠህ ያዝከው?"

"ጣቴ ስለማይሰማኝ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።"

"ጥፋቱ እሱ ነው። የማይሰማ ጣት መጠኑን አያውቅም፣ ዝም ብሎ ያንቃል። አውራ ጣትህን ማሳረፊያ ብቻ አድርገው። ሥራውን ለመሃል ጣትህ ስጠው። ሚዛኑ ጋ ያዘው፤ ላላ አድርገህ። መሄድ ሲፈልግ ልቀቀው።"

ጀማሪ ሆንኩ። ስንት ዓመት የለመድኩትን አያያዝ ረስቼ በመሃል ጣቴ እንደ አዲስ ተማርኩ። ዘጠኙም ተማሩ። የምንወረውረው አውሮፕላን ሲመጣ ነው፤ ጩኸታችንን ይሸፍንልናል። ከላይ ድምፁ ሲጀምር አንዱ "መጣ!" ይላል፣ ተረኛው ይነሳል። ክቡ ውስጥ የገባለት እጁን አውጥቶ ይጮኻል፤ ጩኸቱን ግን ራሱም አይሰማውም። እንደዚያ ሰሞን የሳቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ያንን ክፍል አልናፍቅም፣ እነዚያን ሰዎች ግን እናፍቃቸዋለሁ።

አንድ ማለዳ የጥበቃው ሳጅን ገባ።

"ዛሬ ከሰብዓዊ መብት የሚመጡ እንግዶች አሉ። ስለ አያያዛችሁ ይጠይቋችኋል። አያያዛችን ጥሩ ነው ትላላችሁ፣ አለቀ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ባለቤትህ በር ላይ ናት። ካሳመርከው ዛሬ ታገኛታለህ። ካበላሸኸው አንተ ታውቃለህ።"

እንደወጣ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የዚህን ልጅ አያያዝ እንኳ እኔ ነኝ ያስተካከልኩት፤ እንግዶቹ ምስጋና ካላቸው ለእኔ ይስጡኝ።" ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ ልቤ ግን በር ላይ ነበር።

እንግዶቹ ሦስት ናቸው። ማስታወሻ የያዘችው ሴትዮ ዙሪያውን ቃኘችና እኔ ፊት ቆመች። ሳጅኑ ከኋላዋ ነው።

"የእስረኞች አያያዝ እንዴት ነው?" ብላ ሳትጨርስ አውሮፕላን መጣ።

እስኪያልፍ ጠበቅን። "ጥሩ ነው" የሚለው ምላሴ ላይ ተዘጋጅቷል። ሚስቴን አሰብኳት፤ ሳህኑን በፌስታል ይዛ፣ ፀሐይ ላይ። ሁለት ቃል ብቻ ነው። ጋሼን አየኋቸው። ፊቴን አይመለከቱም፤ የሚያዩት እጄን ነበር። ሳላውቀው ኪሴ ውስጥ ያለውን ዳርት ጨብጬ ኖሯል።

ድምፁ ራቀ። ሴትዮዋ ጥያቄዋን ደገመች።

ዳርቱን አወጣሁ። "አያያዜ ይሄ ነው" አልኳት። "ድሮ በአውራ ጣቴ ነበር የምይዘው። በካቴና ካሰሩኝ ቀን ጀምሮ ጣቴ አይሰማኝም። ስለዚህ አሁን በመሃል ጣቴ ነው።" ላላ አድርጌ ያዝኩት፤ ወደ ፍራሹ ዞሬ ለቀቅሁት። መሃሉን አላገኘም። ግን ተሰካ።

ማንም አልሳቀም። ሴትዮዋ ጣቴን እያየች "ካቴናው ስንት ሰዓት ቆየብህ?" አለችኝ። ነገርኳት፤ ጻፈች።

ሚስቴን አላገኘኋትም። እስከ ቀትር ቆማ እንደተመለሰች የሰማሁት በኋላ ነው። ፍራሹ ተወሰደ፤ ስቴኪኒም ተከለከለ። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ዳቧቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። "የዛሬውን ብላው" አሉኝ፤ "ሌላ የምንሠራበት የለም።"

ከተፈታን ቆይተናል፤ ጋሼ ዛሬ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራሉ። ሲደውሉ ሰላምታቸው "አያያዝህ እንዴት ነው?" ነው። "ላላ አድርጌአለሁ ጋሼ" እላቸዋለሁ።

ወሎ ሰፈር ሐሙስ ሐሙስ እንደ ድሮው እንወረውራለን። በአያያዜ ይስቁብኛል፤ እየሳቁ ይሸነፋሉ። ሚስቴም አንዳንዴ ትመጣለች። ባለፈው አጠገቤ ተቀምጣ፣ እስከ ዛሬ ያልጠየቀችኝን ጠየቀችኝ።

"ያን ቀን ጥሩ ነው ብትላቸው ምን ነበረበት? አይህ ነበር እኮ።"

እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። አውራ ጣቴን ይዛ ጫን አደረገችው።

"ይሰማሃል?"

"ትንሽ ትንሽ" አልኳት።

ጣቴን አልለቀቀችውም። ተራዬ ሲደርስ በእኔ ፈንታ አንዱ ጓደኛዬ ወረወረልኝ።