ጋቢ የለበሰው ማታቱ

እናቴ ቤተሰብ ፎቶ ሲነሳ የታናሽ ወንድሜ ዊልቸር እንዲታይባት አትፈልግም። ፎቶውን አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ ስለምትልክ፣ ድሮ ድሮ አንስተን ሶፋው ላይ እናስቀምጠውና ጣጣው ያልቅ ነበር። ዘንድሮ ለፋሲካ ግን ልጁ አሻፈረኝ አለ። እኛ በምንኖርበት የናይሮቢ ሰፈር፣ ኢምባካሲ፣ ማታቱ የሚቀባ ጓደኛ አለው፤ ማታቱ የከተማው ሚኒባስ ታክሲ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ያለበት። ጓደኛው የወንድሜንም ዊልቸር ጎንና ጎኑን እሳት፣ ከኋላው አንበሳ ስሎለት፣ የሞተር ሳይክል ክላክስ ገጥሞለታል። ይሄ ሁሉ ውበት እያለ ሶፋ ላይ ምን አስቀመጠኝ ይላል።

እናቴ ክርክሩ ሲያቅታት ትልቁን ጋቢ አምጥታ ከአንገቱ እስከ ጎማው አለበሰችው። ቁጭ ጳጳስ። አባቴ ኮስተር ብሎ ቀረበና ጎንበስ አለ።

"አባታችን፣ ይባርኩኝ።"

ወንድሜ ሳይስቅ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ባረከው።

እኔ ስልኬን ጀሪካን ላይ አስደግፌ፣ በራሱ እንዲያነሳ አዘጋጅቼ፣ ሮጬ ገባሁ። እንደ ልማዳችን ሳቃችንን ውጠን ቀጥ አልን። ሊያነሳ ሲል ከጋቢው ውስጥ ክላክሱ ጮኸ። ፎቶው ላይ እናቴ ግማሽ አካሏ አየር ላይ ነው። ደገምን፤ እሱም ደገመ።

"ምን አድርጊ ነው የምትለኝ፣ አንተ ልጅ?"

"እማዬ፣ ጋቢውን አንሺው፤ ዝም እላለሁ።"

እናቴ አባቴን አየችው፤ አባቴ ጣራውን። በመጨረሻ ጋቢውን ገፈፈችና ዞራ አንበሳውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ጥርሱ አልበዛም?" አለች። ቀጥላ በነጠላዋ ጫፍ የጎማውን አቧራ መጥረግ ጀመረች። "ካልቀረማ በደንብ ይታይ። ትንሽ ዘወር በል፤ አንበሳውም ይግባ።"

ወንድሜ ቃሉን ጠበቀ፤ ክላክሱን አልነካም። ግን ማን አምኖት? ሦስታችንም አሁን ጮኸ አሁን ጮኸ እያልን ፎቶው ላይ ዓይናችንን ጨፍነን ወጣን። እሱ ብቻ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ከአንበሳው ጋር።

ፎቶው ደርሷት አክስቴ ደወለች። እናቴ ስለ ዊልቸሩ የምትሰጠውን መልስ ስታሰላስል ነው የሰነበተችው።

"ልጁስ አምሮበታል" አለች አክስቴ። "እናንተን ግን ምን አስተኛችሁ?"

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ጸሎት ላይ ነን" አለቻት።