የቀኝ ጎማ ወረርሽኝ

ጋራዡ ውስጥ «ጆሮ» ካላሉት ዞር ብሎም አያይ። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት መታወቂያውና ሚስቱ ናቸው፤ ሚስቱም ስትናደድ ካልሆነ አትጠራበትም። ቅጽል ስሙ ደግሞ እንዲያው የወጣ አይደለም። መኪና ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ ሌላው መካኒክ በክሪክ አንስቶ፣ ጎማ ፈትቶ፣ ወዝውዞ ነው በሽታውን የሚያገኘው። ጆሮ ግን ባለመኪናውን መሪ እስከ መጨረሻው አስጠምዝዞ ግቢው ውስጥ ቀስ እያለ እንዲዞር ያደርገዋል። እሱ ጎኑ ይቀመጥና መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ ዓይኑን ይጨፍናል። ሁለት ዙር ይበቃዋል። «ሲቪ ጆይንት ነው፤ የግራው» ወይም «የቀኙ» ብሎ ይወርዳል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲል አንድ ቀን ተሳሳተ ያለው የለም።

ሲቪ ጆይንት ማለት ጎማው ታጥፎም ቢሆን የሞተሩን ጉልበት እየተቀበለ እንዲሽከረከር የሚያደርግ፣ ቡጢ የሚያህል ብረት ነው። ውስጡ ኳሶች አሉ፤ ኳሶቹ ግሪስ ይፈልጋሉ። የላስቲክ ሽፋኑ ተቀደደ ማለት ግሪሱ ወጣ፣ አሸዋ ገባ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ኪስን መዳበስ ነው። ኦሪጂናሉ የአንድ አስተማሪ የወር ደመወዝ ይውጣል፤ ርካሹ ግማሹን ይወስድና በዓመቱ ተመልሶ ይጮኻል። የእጅ ዋጋ ለብቻው ነው።

ዘንድሮ ታዲያ ጉድ መጣ። የከተማው መኪና በሙሉ የቀኙ ብቻ ተበላ። ዕቃ ሻጩ «ኧረ ለመሆኑ ያንተ ደንበኞች መኪና ግራ ጎማ የለውም?» ቢለው፣ ጆሮ ኖራ አንስቶ መሬት ላይ አደባባይ ሳለለት። «ሁሉም ወደ ግራ ነው የሚዞረው አይደል? ጭነቱ ቀኝ ላይ ያርፋል። ይኸው ነው!» ሰሚው ሁሉ አመነ። ዕቃ አስቀይረው «አሁንም ይጮኻል» ብለው ለሚመለሱት ደግሞ «አዲስ ነው፣ እስኪላመድ ነው» ይላቸዋል። የተመለሱት ለሁለተኛ ጊዜ አልተመለሱም። በቀን ሦስት መኪና የሚገባለት ሰው በሳምንት ሁለት ከገባለት ማመስገን ጀመረ። የቀረው ስሙ ብቻ ነበር፤ እሱ ከሄደ ደግሞ የጋራዡን ኪራይ የሚከፍልበት ነገር የለውም።

አዋላጇ የመጣችው ይሄኔ ነው። በአሮጌ መኪናዋ ከከተማ ውጭ ያለ ጤና ጣቢያ ትመላለሳለች። እሷ መንገድ ላይ ከቀረች ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን ቀረች ማለት ነው።

«ጋሼ፣ የቀኙ ለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት? ስንት ወር ያጠራቀምኩት ነው።»

«ሲስተር፣ ይሄ ጆሮ ሲዋሽ ሰምተሻል?»

ኦሪጂናሉ ተገዛ። ጆሮ መኪናው መሬት ላይ እንዳለ የመሐሉን ትልቅ ብሎን አላላ፣ አነሳ፣ ጎማውን ፈታ፣ ዘንጉን መዘዘ፣ አሮጌውን በአንድ መዶሻ አስወጣ። አዲሱን በግሪስ ሞልቶ ገጠመና ሽፋኑን አሠረ። «አሮጌውን ልውሰደው?» ስትለው «ምን ያደርግልሻል፣ የሞተ ነው» አለና በርሜል ውስጥ ወረወረው።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ቀጭ ቀጭ። ጆሮ አስዞራት፣ ዓይኑን ጨፈነ፤ ቀኝ ነው። እንደገና አስዞራት፤ አሁንም ቀኝ ነው። «ያ ሌባ አስመስሎ የተሠራ ሸጠልን!» ብሎ ዕቃ ሻጩን አፉ እንዳመጣለት ሰደበው። ሦስተኛውን ዙር ሲጀምሩ ሚስቱ ቤት የረሳውን መነጽር ይዛ ከበሩ ብቅ አለች። መኪናው አጠገቧ ሲደርስ ፊቷን አጨማደደች።

«የግራው ጎማ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚንቋቋው?»

ጆሮ ከት ብሎ ሳቀ፤ ከሱ በቀር የሳቀ ግን አልነበረም። ወረደ። እንደ ቀልድ ግራ ጆሮውን በጣቱ ደፈነ፤ ምንም አልተለወጠም። ቀኙን ደፈነ። የሰው አፍ ይንቀሳቀሳል፣ የሞተሩ ጭስ ይወጣል፣ ድምፅ ግን የለም። ክው ብሎ ቆመ።

እዚያው «ዕቃው ነው» ብሎ መገላገል ይችል ነበር፤ አዋላጇ ስለ ብረት ምን ታውቃለች። እውነቱን ከተናገረ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ ስሙን በገዛ አፉ መቅበሩ ነው። መነጽሩን ከሚስቱ ተቀብሎ አደረገ።

«ሲስተር፣ ደህናውን ነው ያወጣሁብሽ። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

በርሜሉ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ የሞተ ያለውን ብረት አወጣ፣ በጋዝ አጠበው፣ በእጁ አዞረው። ደህና ነበር። ግሪስ ሞልቶ አዲስ ሽፋን አለበሰውና ግራ ላይ ገጠመው፤ ሁለቱ ጎን አንድ ዓይነት ነው። ሚስቱን ከአዋላጇ ጎን አስቀምጦ መኪናውን አስዞረ። «አይጮኽም» አለች ሚስቱ። የእጅ ዋጋ ሊቀበል ቀርቶ የመጀመሪያውንም መለሰላት። አዋላጇ ሒሳቧን እየቆጠረች የጆሮ ሐኪም ስልክ ጽፋ ሰጠችው።

ከዚያ በርሜሉን ገለበጠ። አሥራ አንድ ሞተዋል የተባሉ፤ ሰባቱ ደህና። ባለቤቶቹ ጋ አንድ በአንድ ደወለ፣ ስልኩን በቀኝ ጆሮው ይዞ። ሁለቱ ሰደቡት፣ አንዱ መኪናውን ሸጦታል፣ አራቱ «ነገ እንመጣለን» አሉ።

እራት ላይ ሚስቱ እንደ ሁልጊዜው በግራው ተቀመጠች። ዓመት ሊሆነው ነው እራት ላይ ካላወራች፤ ብትናገርም ጆሮ ዳባ ልበስ ስለሚላት ትታው ነበር። ጥቂት አሰበችና ወንበሯን ጎትታ በቀኙ ዞረች።

«መልስ ስትነፍገኝ ጊዜ እኔ እኮ የሰለቸሁህ መስሎኝ ነበር» አለች።

አሁን ሰማት። እራቱን ትቶ ወደሷ ዞረ።

«ምን ምን ብለሽኝ ነበር?»

«የዓመቱን ሁሉ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሪው።»

«መጀመሪያማ» አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ «ግራ ጆሮህ የሚሰማ አይመስለኝም፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ነው ያልኩህ።»