የጋሽ ደቂቃ ጆሮ

የሚያውቀው ሁሉ ጋሽ ደቂቃ ይለዋል። ሚስቱ እንኳ በደኅናው ቀን «አንተ»፣ ስትናደድ «ጋሽ ደቂቃ» ነው የምትለው። ሰዓት ሠሪ ነው። ከጫማ ጠጋኙና ከቁልፍ ቀራጩ መካከል በተሸጎጠች፣ አንድ ሰው ከገባባት ሁለተኛው ደጅ ቆሞ በሚጠብቅባት ሱቅ ውስጥ፣ ማጉያ መነጽሩን በአንድ ዓይኑ ሰክቶ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሰው ጊዜ ላይ ተጎንብሶ ኖሯል።

ጠግኖ የጨረሰውን ሰዓት በዕለቱ ለባለቤቱ ሰጥቶ አያውቅም። «ሦስት ቀን ልስማው» ይላል። ባለሰዓቱ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ባቡር ቢያመልጠው፣ ሦስት ቀን ሦስት ቀን ነው። ሰዓቱን ጆሮው ሥር ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጠዋል፤ ሲያዩት ከሩቅ አገር የመጣ የፍቅር ደብዳቤ የሚነበብለት ይመስላል። ይህ ጆሮ ለሰዓት እናት ነው። ለሰው ድምፅ ግን እንጀራ እናት ነው።

በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ሰባት ቤት ተከራይተዋል፤ ስድስቱን የለቀቁት በጎረቤት ነው፤ ሰባተኛውንም ሊለቁ ነው። በአንደኛው ቤት ፎቅ ላይ የምትኖረው ሴት ጫማዋን ሳታወልቅ ትራመዳለች። በሁለተኛው አንድ ልጅ ዋሽንት ይማራል፤ አይችልም፣ አይተውም። በሦስተኛው የጎረቤት በር ማጠፊያው ይንሰቀሰቃል። በአራተኛው ባልና ሚስት ይስቃሉ። ሌላ ጥፋት አልነበረባቸውም፤ ይስቃሉ፣ በቃ። የቀሩትን ሦስቱን ብንተዋቸው ይሻላል። የሰው ሆድ ዕቃ ሲጮህ በግድግዳ አልፎ ይሰማል ብሎ ስሞታ ያቀረበ ሰው ታሪክ አውርተው ቢውሉት አያልቅም።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ የሰው መስኮት አልባሽ። የከተማው ግማሽ መስኮት የእሷን ስፌት ለብሶ ፀሐይ ይቀበላል። አንድ መጋረጃ ግን የራሷ አለ። ገና ሙሽራ ሳለች የቆረጠችው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለውን ሰማይ የመሰለ ጨርቅ። ለሰባቱ ቤት መስኮት ሰባት ጊዜ አሳጥራዋለች፣ አስረዝማዋለች፣ ፈትታ ሰፍታዋለች። አሁን ጠርዙ የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ሆኗል። ለስምንተኛ ጊዜ ልፍታህ ብትለው የሚተረተር ጨርቅ ነው። ይህንን እሷ ታውቃለች፤ ጋሽ ደቂቃ አያውቅም። የማይመታ ነገር አይሰማውም። በስፌት ማሽኗ ላይ ሆና እንዲህ እያለች ስታንጎራጉር እንኳ የሚሰማው የፔዳሉ መንቋረር ነበር፦

«የሰው መስኮት ሳለብስ ዘመኔ አለቀና፣
የኔው ጨርቅ አረጀ ሻንጣ ውስጥ ተኛና።»

እንዲህ ሆኖ ነው አንድ ቀን አንድ ደላላ የሚሸጥ ቤት አገኘሁ ብሎ የመጣው። ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት፣ በግራም በቀኝም ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፤ መስኮቱ ለከሰዓት ፀሐይ ፊቱን የሰጠ። ባለቤቲቱ ባልቴት ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ የሄዱ፣ ዋጋውም ሰው የማያስደነግጥ። ሚስት ገብታ ግድግዳም አላየች፣ ወለልም አላየች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ መስኮቱን ለካችው። እንደገና ለካችው።

ጋሽ ደቂቃ ግን «ጎረቤቶቹስ?» አለ።

ደላላ ምላሱ ቅቤ ነው፤ ድንጋይ ለስላሳ ነው ብሎ ትራስ አድርጎ ይሸጥልሃል። ይኼኛው ግን በዚያች ጥያቄ ምላሱ ታሰረ። «ጎረቤቶቹ... እንግዲህ ጋሼ፣ ጎረቤቶች ናቸው» አለ።

«ስንት ሰው አይቶት ሄደ?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ስንት?»

«አሥራ አንድ። ግን ሁሉም በራሳቸው ምክንያት...»

«ቁልፉን ለሦስት ቀን ስጠኝ» አለ ጋሽ ደቂቃ።

«ጋሼ፣ ቤት እኮ ነው! ሰዓት አይደለም።»

«ያው ነው። ልስማው።»

ባልቴቲቱ ቅዳሜን የመጨረሻ ቀን አድርገዋል። ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ደቂቃ አንድ ወንበር፣ አንድ ደብተርና የማንቂያ ሰዓት ተሸክሞ ባዶው ቤት ገባ። ወንበሩን መካከል ላይ አስቀመጠ፤ ሰዓቱን የመስኮቱ ደፍ ላይ አደረገ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። አንድ ጊዜ ወደ ግራው ግድግዳ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኙ እየተጠጋ፣ ጆሮውን እየለጠፈ ጻፈ። ሰው ለሠርጉ ያን ያህል አይዘጋጅም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ፍርዱን ልትሰማ መጣች። መጋረጃዋን በብብቷ ይዛለች። እሱ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ዳኛ ደብተሩን ገለጠ። ባዶ ቤት ከበሮ ነው፤ አንዱ ቃል አራት ሆኖ ይመለሳል። ሦስት ቀን ሙሉ ከውጭ ምን እንደሚገባ የመረመረው ጆሮ፣ ከውስጥ ምን እንደሚወጣ ግን አልመረመረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ሳይሆን አይቀርም።

«በግራ በኩል» ብሎ ጀመረ። «ሽማግሌ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር። ሳል! ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው። ሦስት ከአምስት፣ ሦስት ከአሥር፣ ሦስት ከሩብ። አንዴም አላዛነፈም።»

«ሦስቱንም ቀን?»

«ሦስቱንም ቀን። ከስድስት እስከ ሰባት ተኩል ብቻ ለምሳ ያርፋል። በቀኝ በኩል፤ ልብስ አጣቢ ሴት። አንድ ዘፈን፣ በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ። ወደ ግድግዳው ስጠጋ ትጀምራለች፣ ስርቅ ትተዋለች። ድስት ደግሞ ይወድቅባታል፤ በአንድ ከሰዓት ዘጠኝ ጊዜ! አንስታ እየጣለችው ካልሆነ በስተቀር ድስት በምን አቅሙ ዘጠኝ ጊዜ ይወድቃል?» ደብተሩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። «አይገዛም። አሥራ አንዱ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም።»

እሷ ወደ መስኮቱ ሄዳ መጋረጃውን ዘረጋችው። ከላይ ልክ፣ ከታች ልክ፣ ከጎን ልክ። በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌ አያስፈልግም። ፀሐይዋ በጨርቁ አልፋ ፊቷን አቀላችው። ዘወር ሳትል፣ ቀስ ብላ፣

«አንተ» አለች፣ «ሰው በደቂቃ ተለክቶ ያስላል?»

«ይኼኛው ያስላል። እንዲያውም ከሳሉ በቀር ትክክለኛ ሰው ነው» አለ። ሳያስበው በድምፁ ውስጥ አክብሮት ገባ።

«ሳል ነው ወይስ ማንቂያ ሰዓት? ለምሳ የሚያርፍ ሳል የት ሰምተህ ታውቃለህ? የታመመ ሰው እኮ ሲመጣበት ያስላል፣ ሲተወው ይተነፍሳል። ለመሆኑ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

ጋሽ ደቂቃ ወደ መስኮቱ ደፍ አየ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሰባት። የእጅ ሰዓቱንም አየ። ያው ነው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ሁለት ደቂቃ... ሁለት ደቂቃ ዘግይቷል!» አለ፤ የገዛ ሥራው የከዳው ያህል ደነገጠ።

ሚስቱ ወደ ግራው ግድግዳ ሄዳ በጣቷ አንኳኳች። «አባባ! ሳልዎ አለፈዎት እኮ!»

ከግድግዳው ማዶ ቶሎ ቶሎ፣ እንደ ዘገየ ተማሪ፣ «እህ! እህ! እህ!» የሚል መጣ። ትንሽ ቆይቶ አንድ የሻከረ ድምፅ ተከተለ፦ «ይቅርታ ልጄ፤ የእናንተን ስሰማ የራሴን ረሳሁት!»

በቀኝ በኩል ድስት ወደቀ። የአሁኑ የእውነት ነበር፤ ከኋላው እንባ የቀላቀለ የሴት ሳቅ ተከተለ።

ሁለቱም ደጃፍ ላይ መጡ። ሽማግሌው ሹፌር ረጅም ናቸው፤ ደረታቸው ጤነኛ፣ እንደ በሬ። ልብስ አጣቢዋ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። በሩ ክፍት ስለነበር ግቡ የሚላቸው አልጠበቁም።

«እንግዲህ አትቀየሙን» አሉ ሽማግሌው። «አሥራ አንድ ሰው መጣ። አንዱ የብረት መበየጃ ሊከፍትበት። አንዱ መጠጥ ቤት ሊያደርገው። አንደኛዋ ደግሞ ገና በሩን ሳታልፍ የእኛ ቤት ስንት እንደሚያወጣ ጠየቀችን። በሳል ሸኘናቸው። ከዱላ ሳል ይሻላል ብለን።»

«እኔ ግን መበየጃ አልከፍትም!» አለ ጋሽ ደቂቃ፣ ቆሽቱ አርሮ።

«የለም፣ አንተ የባስክ ነህ» አሉና ከኪሳቸው አንድ እፍኝ የክብሪት እንጨት አውጥተው ወለሉ ላይ ዘረገፉት። «እኔ ደብተር የለኝም። ይኼ በሦስት ቀን ውስጥ በየድምፁ ተማርረህ በምላስህ ‹ጭ!› ያልክበት ቁጥር ነው። አርባ አንድ። ብተነፍስ ‹ጭ!› ይለኛል እያልኩ እኔው ራሴ ከመተንፈሴ በፊት ማሰብ ጀመርኩ። የማንቂያ ሰዓትህ ሁለት ጊዜ ከአልጋ ጥሎኛል። ምን ዓይነት ሰው ነው በቀትር ባዶ ቤት ውስጥ ራሱን የሚቀሰቅሰው?»

«እኔማ ግጥም አውጥቼለታለሁ!» አለች ልብስ አጣቢዋ። እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ አንገቷን ዘመም አድርጋ፣ ያለ ምንም እፍረት አወረደችው፦

«ሰዓት ሠሪው መጣ ጆሮውን ሊተክል፣
ቤት ሳይሆን ጎረቤት ገዝቶ ሊያስተካክል።»

ድምፅዋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያማረ ነበር። ለአሥራ አንዱ ሰዎች ሆን ብላ ስታበላሸው ኖራለች እንጂ። ጋሽ ደቂቃ ግን ሰው ሆኖ ተፈጥሮ እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም። ያላዛነፈ ሳል ሰምቶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አምኖ የጻፈ ሰዓት ሠሪ! ሰዓት የሚመስለውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ የኖረ ጆሮ! ደብተሩን በብብቱ አድርጎ፣ «ይኸው፣ አልኩሽ አይደል? ተንኮለኞች ናቸው። ቤቱ አይገዛም» አለ።

ሚስቱ ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

«ሰባት ቤት ገባን» አለች። «በሰባቱም ጎረቤቱ መጥፎ ነበር። የጫማዋን ሴት ሸሸናት፣ ዋሽንተኛውን ጥለነው ሄድን፣ ሳቂዎቹን ተውናቸው። ጎረቤቱ ሰባት ጊዜ ተለወጠ። በሰባቱም ቤት ያልተለወጠው ማነው?»

«እሰይ!» አሉ ሽማግሌው፤ ወዲያው ልብስ አጣቢዋ በአረፋ እጇ አፋቸውን ከደነች።

«ይኼን ጨርቅ እየው» አለች ሚስቱ። «ጠርዙን ንካው። ከእንግዲህ አይፈታም። እዚህ ካልተሰቀለ የትም አይሰቀልም። ነገ እፈርማለሁ። ገንዘቡም ሰፍቼ ያጠራቀምኩት የራሴ ነው፤ ይኼን ደግሞ አንተም ታውቃለህ። አንተ የተከራየነው ቤት ተቀመጥና እኔ በሌለሁበት ሦስት ቀን ስማኝ። ከዚያ ትወስናለህ።»

ቅዳሜ ፈረመች። ደላላው ፊርማዋን ደጋግሞ አየ፤ አሥራ ሁለተኛው ሰው አልሸሸም ብሎ ማመን አቅቶት።

ጋሽ ደቂቃም በኩራቱ ሰባተኛው ቤት ውስጥ ቀረ። ፔዳሉ አይንቋረርም። የሚያንጎራጉር የለም። መስኮቱ ራቁቱን ነው። ሰዓቶቹ ግድግዳው ላይ ተሰልፈው ይመታሉ፤ እሱ ሁልጊዜ ይኼንን ጸጥታ ነበር የሚመኘው። በመጀመሪያው ቀን ደስ አለው። በሁለተኛው ቀን ሻይ አፈላና ሁለት ብርጭቆ ቀዳ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰዓት ጥቂት ሲዘገይ ሰማና «ጭ!» አለ። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘ። የሚሰማው አልነበረም። ለማን «ጭ!» እንዳለ ለራሱም ግራ ገባው። ጉረኛ ሰው ብቻውን ሲሆን ጉራው እንደ እርጥብ ጨርቅ ትከሻው ላይ ይንጠባጠባል።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የመሣሪያ ሳጥኑንና የማንቂያ ሰዓቱን ይዞ አዲሱ ቤት በር ላይ ቆመ። ሚስቱ ከፈተችለት። ከኋላዋ መጋረጃው ተሰቅሏል። በነፋሱ እየሞላ ይጎድላል፤ ያለ ድምፅ።

ክፍሉ መካከል ትቶት በሄደው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጆሮውን ወደ ግራ አቀና፤ ሳል የለም። ወደ ቀኝ አቀና፤ ልብስ አጣቢዋ በዝቅታ፣ በጥሩ ድምፅዋ ታዜማለች፤ አንድ ቦታ ላይ አቋርጣ ሳሙና ታነሳለች። ይኼ ዓይነቱ ዜማ ለመከሰስ አይመችም። ደብተሩን ከፈተ፣ የሚጽፈው አጣ፣ ዘጋው። ሚስቱ ከማሽኗ ላይ ቀና ብላ ፈገግ ስትል አያት፤ ፈገግታዋ ደግሞ እሱን ሳይሆን መስኮቱን ነበር የሚያየው።

ይኼን ጊዜ ሳያስበው፣ ከልማድ የተነሣ፣ «ጭ!» አለ።

ከግራው ግድግዳ ማዶ የክብሪት ቀፎ ሲከፈት ተሰማ።

«አንድ!» አሉ ሽማግሌው።