የአባባ ራይንሆልት ማንኪያ

መቼም በዕድሜዬ ብዙ ደንግጫለሁ፤ እንደዚያ የገና ዋዜማ ግን ክው ያልኩበት ቀን የለም። ዛሬም ሳወራው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

የባሌ አባት፣ አባባ ራይንሆልት፣ ከጀርመን የመጡት አያቶቻቸው ባቀኑት የዊስኮንሲን እርሻ ላይ ተወልደው፣ ላም ሲያልቡ እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው። ወሬ አይወዱም። ከሰው ይልቅ ላሞቻቸውን ያናግራሉ። ሚስታቸው እማማ ኤልዳ፣ "እኔንም እንደዚያ ቢያናግረኝ ወተት እሰጠው ነበር" እያሉ ያስቁናል።

በዓመት አንድ ቀን ግን ሰውየው ይለይላቸዋል። የገና ዋዜማ ቋሊማውና ድንቹ ተበልቶ ሲያበቃ በሩ ብርግድ ይላል፤ አንድ ጥቅል መሀላችን ይወረወርና "ዩልክላፕ!" የሚል ጩኸት ቤቱን ያናጋዋል። ወርዋሪው እልም! የአያቶቻቸው ወግ ነው፤ ወርዋሪው አይታይም፣ ማን ነው ተብሎም አይጠየቅም። ስጦታው በወረቀት ላይ ወረቀት የተጠቀለለ ነው። የላይኛው "ለዌይን" ይላል፤ ባሌ ሲልጠው የልጃችን ስም ይወጣል፣ እሷ ስትልጠው የእኔ። ስጦታው የመጨረሻው ስም ባለቤት ነው። ከዚያ አባባ ጫማቸው ላይ በረዶ ይዘው ይገቡና "ምን ተፈጠረ?" ይላሉ። አይ ማስመሰል!

በዚያ ዓመት በረዶው ሊቀልጥ ሲል ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፣ ምላሳቸው ተሳሰረ። መጻፍም ቀረ። በከዘራ ጥቂት መራመድ የቻሉት ከስንት ወር በኋላ ነው። የሚፈልጉት ነገር ሲኖር በማንኪያ የአልጋውን ብረት ይመታሉ። ኳ ኳ ኳ!

እማማ ኤልዳ ያጥቧቸዋል፣ ያጎርሷቸዋል፤ ያቺን ማንኪያ ግን ዓይኗን ማየት ጠሉ።

"ላም ነኝ እንዴ በቃጭል የምትጠራኝ? ስም አለኝ አንተ ሽማግሌ! ስሜን ጥራኝና አቤት እልሃለሁ!"

አባባ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ምንም አይወጣም። አንድ ቀን እማማ ወጥ ቤት ገብተው፣ "ስድብም ይሁን ግድ የለኝም፤ ድምፁን አንዴ ብሰማ ሌላ አልመኝም" አሉኝ። አብረን አለቀስን።

ገና ደረሰ። ዌይን እማማን "ዘንድሮ እኔ ልወርውር?" ቢላቸው፣

"ተው! አባትህ ሞተ ብለህ ነው?" ብለው ጮኹበት።

በልተን ጨረስን። አባባ ጓዳ ተኝተዋል ብለን ሳህን ማንሳት ጀምረናል። በሩ ብርግድ!

"ዩልክላፕ!"

የእግዚአብሔር ያለህ! ድምፁ የእሳቸው ነው። ጥርት ያለ፣ እንደ ድሮው። የእማማ ሳህን ወድቆ ተሰበረ፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። ዌይን ከግንባሩ እስከ አንገቱ ነጣ።

ጥቅሉ እማማ እግር ሥር ነው። በአንድ እጅ የተጠቀለለ፣ የተንሻፈፈ። ላዩ ላይ ከአሮጌ ፖስታ የተቀደደ ስም ተለጥፏል፦ ኤልዳ። ላጡት። ኤልዳ። ለማን ሊያቀብሉ ነው? እንደገና ላጡት፤ አሁንም ኤልዳ።

"ይሄ ሰውዬ ጨዋታውን ረሳው እንዴ?" አሉ፤ መላጡን ግን አላቆሙም። እስከ መጨረሻው ኤልዳ፣ ኤልዳ ብቻ። ውስጡ ማንኪያዋ ነበረች።

ቀና ስንል አባባ በከዘራቸው ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ጫማቸው ላይ በረዶ አለ። እማማን ትክ ብለው አዩና አፋቸውን ከፈቱ። ታገሉ፤ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ።

"ዩልክላፕ" አሉ።

ሊሉ የፈለጉት እሱን አልነበረም። ተናደው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደገና ሞከሩ።

"ዩልክላፕ።"

እማማ ኤልዳ ማንኪያዋን እንደያዙ ከወንበራቸው ተነሱ።

"አቤት" አሉ።