ዳማና የላላው ገመድ

ቢቸና የገባነው እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ሦስተኛ ክፍል ልጀምር ስል፣ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ገና ባልደረቀበት ጊዜ ነበር። እናቴ ነርስ ናት። ከወላይታ ሶዶ ተነሥታ ያን ያህል ርቃ ለምን እንደተመደበች፣ አባቴም ለምን ከእኛ ጋር እንዳልመጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ፊቷን እያየሁ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

የተከራየነው አባባ ቢሻው ግቢ ውስጥ ነው። አባባ ቢሻው በጉልምስናቸው ዘመን ከቢቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ቢቸና በቅሎና ከብት እየነዱ ሲነግዱ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፤ ልጆቻቸው በየሀገሩ ተበትነው ለበዓል ብቻ ይደውላሉ። እኛ በጓሮ በኩል ያለችውን አንዲት ክፍል ይዘን፣ እርሳቸው ትልቁ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በግቢው በር አጠገብ ደግሞ ቀን ቀን በሰንሰለት የሚታሰር፣ ሲመሽ ግቢውን እንዲጠብቅ የሚለቀቅ ወጣት ውሻ ነበራቸው። መልኩ የዳማ ፈረስ መልክ ስለሆነ ዳማ ብለው ስም አውጥተውለታል።

ትምህርት ቤት ውስጥ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ልጆቹ አነጋገሬን እየደገሙ ይስቁ ነበር። ስለዚህ መናገሩን ተውኩት። ቀኑን ሙሉ በሆዴ ያጠራቀምኩትን ወሬ ወደ ቤት ስመለስ ለዳማ አወራለታለሁ። ጆሮውን አቁሞ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ ይሰማኛል፤ አይስቅብኝም።

እናቴ ተረኛ በምትሆንበት ምሽት አባባ ቢሻው «ነይ፣ ብቻሽን አትቀመጪ» ብለው ወደ ትልቁ ቤት ይጠሩኛል። ያኔ መብራት መጣ ከማለት ሄደ ማለት ይቀል ስለነበር ኩራዝ ለኩሰው መደቡ ጫፍ ላይ ያስቀምጣሉ። የባሕር ዛፉ እንጨት ወደ ፍም ተለውጦ እየረገፈ፣ ጭሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ፣ እርሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እኔን ሳይሆን ፍሙን እያዩ ተረት ይነግሩኝ ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረብኝ። ምናልባት ዝቅ የሚያደርጉትም እንድጠጋቸው ይሆናል፤ ይህን ያሰብኩት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

እንዲህ ስንኖር እናቴ ወደ ሞጣ ተዛወረች። ወሬውን በሰማሁ ዕለት የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዳማስ?»

እናቴ ሳቀች። አባባ ቢሻው ግን አልሳቁም።

«ትውሰደው፣ ሲስተር» አሏት። «እኔማ አልሆነውም። ይዤው ልውጣ ባልኩ ቁጥር እየጎተተ ሊደፋኝ ነው፤ ስለዚህ እሱም ታስሮ፣ እኔም ተቀምጬ እንውላለን። እሷን ይወዳታል።»

«አባባ፣ መናኸሪያ ድረስ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ማን ይዞት ይሄዳል?»

«እኔ!» አልኩ።

አባባ ቢሻው ከአሮጌ ኮርቻ ጠፍር የአንገት ማሰሪያ ሠሩለት፤ ድሮ ጭነት ያስሩበት የነበረውን ገመድም ቀጠሉበት። በማግሥቱ ይዤው ወጣሁ። ይዤው ወጣሁ ልበል እንጂ ይዞኝ የወጣው እሱ ነው። በዕድሜው ከግቢው አጥር ርቆ የማያውቅ ውሻ፣ መንገዱን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ሊያሸተው ፈለገ። ወደ ኋላ ስስበው እሱ ይበልጥ ወደ ፊት ይስባል፤ ትንፋሽ እያጠረው፣ እያሳለ፣ ይጎትተኛል። ሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት ስንደርስ በግንባሬ ተደፋሁ። አንድ ባጃጅ አጠገቤ ደርሶ ሲጢጥ ብሎ ቆመ፤ ባለባጃጁ ራሱን ይዞ ጮኸ። ገመዱን ግን አልለቀቅሁም ነበር፤ መዳፌ የተላጠውም ለዚሁ ነው።

እናቴ ለተረኛነቷ ልትወጣ ስትል ጉልበቴን አጥባ አሰረችልኝና «በቃ፤ ይህ ውሻ ከእኛ ጋር አይሄድም» አለች። በዚያ ድምፅ ከተናገረች እንደማትመለስ አውቅ ነበር።

ያን ምሽት ምድጃው ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። አባባ ቢሻው አታልቅሺ አላሉኝም። ፍሙን ሰብሰብ አድርገው፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፃቸው ስለ አንድ ሰውና ስለ አንዲት ጊደር ይነግሩኝ ጀመር።

ሰውየው ጊደሯን ከሩቅ ገበያ ገዛት። ከእናቷ ተለይታ አታውቅምና ወደ ኋላ ጎተተች፤ እሱ ደግሞ ወደ ፊት ጎተተ። እሱ ሲብስ እሷም እየባሰች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገበያው ገና ከዓይናቸው አልጠፋም ነበር። ጉብታ ላይ የተቀመጠ ጅብ ያያቸዋል። «በርቱ፣ ተጓተቱ» ይላል፤ «ሲደክማችሁ ሁለታችሁም የእኔ ናችሁ።» በመጨረሻ ሰውየው መዳፉ ሲላጥ ዝም ብሎ ቆመ። ገመዱን አልለቀቀም፤ ግን አልሳበም። ጊደሯ የሚታገላት ስታጣ ግራ ገባት። ዘወር ብላ አየችው፤ ወደ እሱም ራመድ አለች። ገመዱ ላላ፤ ሰውየው ያን ጊዜ መንገዱን ጀመረ። ስትጎትት ይቆማል፤ ሲላላ ይሄዳል። እንዲህ እያሉ ጨለማው ሳይቀድማቸው ቤት ደረሱ።

«ጅቡስ?» አልኩ።

«ጅቡማ አሁንም እዚያው ነው። የሚጓተት ሰው እስኪያልፍ ይጠብቃል።»

እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ።

«ጊደሯ እናቷ አልናፈቀቻትም?»

አባባ ቢሻው ፍሙን ቆሰቆሱ። «ናፈቀቻት እንጂ» አሉ። «መንገዱን ሙሉ ናፈቀቻት።»

እኔም ስለ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አምርሬ ያለቀስኩት ያኔ ነው። እርሳቸው ለምን አላሉኝም፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ብቻ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

በማግሥቱ እንደገና ወጣን። ዳማ ሲጎትት ቆምኩ። ዘወር ብሎ እስኪያየኝ፣ ገመዱ እስኪላላ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሲላላ እሄዳለሁ፤ አጠገቤ ሲሆን ከኪሴ ቁራሽ ዳቦ እሰጠዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን የጎረቤታችንን አጥር ሳናልፍ መሸብን። ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት «አንቺ ልጅ፣ ምን ገትሮ አቆመሽ? የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለችኝ። ልጆቹም ከኋላዬ እየመጡ እኔ ስቆም ይቆማሉ፣ ስሄድ ይሄዳሉ፣ ይንከተከታሉ። አንድ ቀን እልህ ያዘኝና ገመዱን በኃይል ሳብኩት፤ ዳማ ታንቆ ሲጮህ ሰምቼ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ ስቤው አላውቅም። እያደር ሥጋ ቤቱ ጋ ስንደርስ አየት አድርጎኝ የሚያልፍ ሆነ። ልጆቹም ሰለቻቸውና ተዉን። የሚገርመው፣ ሲተዉን ደስ ያለኝ አይመስለኝም፤ መንገዱ ጭር አለብኝ።

የምንሄድበት ቀን ሲደርስ እናቴ ከኋላችን ሆና እያየችን፣ በገበያው መሐል አልፈን መናኸሪያ ደረስን። ገመዱ አንድም ጊዜ አልተወጠረም። እናቴ ራሴን ዳሰሰችና «እሺ፣ ይሂድ» አለች። የሚኒባሱ ረዳት «አይነክስም?» ብሎ ተጠራጥሮ ሲያበቃ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ቦታ ሰጠን።

አባባ ቢሻው ሊሸኙን መጥተው ነበር። ፍራሹንና ጀሪካኑን ለረዳቱ እስካቀብል «አባባ፣ ይያዙልኝ» ብዬ ገመዱን ሰጠኋቸው። ጨርሼ ዘወር ስል፣ በመናኸሪያው ዳር ዳር ሁለቱ ሲሄዱ አየሁ። ሽማግሌው በዱላቸው እየተደገፉ ቀስ ይላሉ፤ ዳማም ቀስ ይላል። ሲቆሙ ይቆማል፤ ቀና ብሎ ያያቸዋል። አባባ ቢሻው ያን ያህል መንገድ በእግራቸው ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። ፊታቸው ሌላ ሰው መስሎ ነበር።

ተመልሰው ገመዱን ሲዘረጉልኝ እጄ አልቀበል አለኝ።

«ከእርስዎ ጋር ይሁን» አልኩ።

«ኧረ በይ ውሰጂ! ያን ሁሉ ደክመሽበት!»

«እኔ እማዬ አለችኝ።»

እናቴ ፊቷን አዞረች። አባባ ቢሻው ገመዱን መዳፋቸው ላይ ጠቀለሉ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ዳማ ወደ እኔ ጎተተ። አባባ ቢሻው ዱላቸውን ተክለው ባሉበት ቆሙ። በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ እስከቻልኩ ድረስ አየኋቸው፤ ገመዱ ሲላላ ግን አላየሁም፤ መኪናው ታጠፈ።

ሞጣ ከቢቸና ይበልጥ ብቸኛ አደረገኝ። እናቴ ሥራ በዝቶባት ደክማ ትገባና ትተኛለች፤ እኔ በጨለማው የጎረቤት ሰዎችን ሳቅ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ምሽት ላይ ግን አንዳንዴ የእናቴ ስልክ ይጠራል፤ አባባ ቢሻው ናቸው፤ ከዳማ ጋር ወደ ቤት እየተመለሱ በእጅ ስልካቸው ይደውሉና፣ ተረት የሚጀምሩ እየመሰለ ውሏቸውን ይነግሩኛል። «ዛሬ ከዳማ ጋር ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄድን። አንዲት ፍየል መንገድ ላይ ቆማ አላሳልፍ አለችን። እኔም ቆምኩ፣ ዳማም ቆመ፣ ፍየሏም ቆመች። ማን ቀድሞ የሄደ ይመስልሻል?» በዚያ ሰሞን ዳማ ከማን ጋር እንደተወዳጀ፣ ማን ከመንገድ ጠርቶ ቁርስ እንዳበላቸው ሁሉ ይነግሩኝ ነበር። ልጅነቴን ከያዙት ተረቶች ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው።

አባባ ቢሻው ያረፉት እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ነው። ዳማን ጎረቤት ወሰደው፤ አርጅቶ ሞተ አሉኝ። እናቴ ጡረታ ወጥታ ወደ ሶዶ ተመለሰች፤ እኔ በሥራ ምክንያት ሞጣ ቀረሁ፤ ብቻዬን ነው የምኖረው። አባባ ቢሻው ከነገሩኝ ተረት አብዛኛው ተረስቶኛል፤ የጀመርኩትን መጨረስ ያቅተኛል። የቀረኝ እየሄዱ ሲደውሉልኝ የሰማሁት ነው። ያኔ ወሬያቸውን ሲጨርሱ ስልኩን ወዲያው አይዘጉትም ነበር። «ቤት እስክንገባ አትዝጊው» ይሉኛል። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ የዱላቸውን ኳኳታ፣ የዳማን ትንፋሽ፣ የቆርቆሮውን በር መከፈት እሰማለሁ። ከዚያ «ገባን» ይላሉ፣ እፎይ ብለው። አሁንም ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ጨለማውን ክፍል ከፍቼ መብራቱን ከማብራቴ በፊት፣ ማንም ባይኖርም፣ «ገባን» እላለሁ።