ዶሮው፣ ጅቡና ዋርካው

እንግዳወርቅ በፈረንጅ አገር፣ ክሪስታል ሲቲ ካለ ሆቴል ኤርፖርት ድረስ መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ ከአፉ የሚወጣው «የትኛው አየር መንገድ?» ብቻ ነው። የቀረው ሆዱ ውስጥ ይጠራቀምና ወር ሲደርስ ተረት ሆኖ ይወጣል። ተረቱን በግጥም አድርጎ፣ እዚያው ቅርብ አሌክሳንድሪያ በሚሰበሰቡበት የጽዋ ማኅበር፣ ጠበል ጠዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ያነባል።

ተረቱ ሁሌም «ከዋርካው ሥር» ብሎ ይጀምራል። እዚያ እንስሳት ተሰብስበው ይጣላሉ። ጣጣው፣ እንስሳቱ ሁሉ ሰው ይመስላሉ። በሰው ጣሪያ ላይ ቆሞ የሚጮኸው አውራ ዶሮ ሲነበብ ቤቱ በሙሉ ዞሮ ንጉሡ የሚባለውን አባል አየ፤ ንጉሡ ከወንድሙ ቤት ሥር፣ ቤዝመንት ውስጥ ተቀምጦ ሰውን ሁሉ ስለ ቤት ግዢ የሚመክር ነው። በሽተኛ ጥየቃ ቀድሞ ደርሶ የበሽተኛውን ምግብ የሚያጋምሰው ጅብ ደግሞ ያለው የሚባለው ሌላው አባል ሆነ። እንግዳወርቅ «ማንንም አስቤ አይደለም» ብሎ ማለ። ዋሽቷል፤ ሁለቱንም አስቦ ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዘንድሮ ኩርፊያው በዛና «ወይ ተረቱን ይተው፣ ወይ ይውጣልን» ተባለ። እንግዳወርቅ ከልቡ ፈራ። ሚስቱ ተረት አትወድም፤ ልጆቹ «ናይስ፣ ዳድ» ብለው ያልፉታል። ከዚህ ከወጣ የሚሰማው ሰው የለም።

ፍርዱ ለማኅበሩ መሪ ለጋሽ ፀሐዩ ተተወ። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጡ፣ ቁጭ ብለው ከማዳመጥ በቀር ነገር የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ተረቱ ያልነካው እሳቸውን ብቻ ስለሆነ ሁሉም አመናቸው።

ጋሽ ፀሐዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ፤ ደግ። ንጉሡ ዶሮ ሆነ። ያለው ጅብ ሆነ። ትናንት ማኅበሩ የገባችው የዓለምዘርፍ እንኳ ቁራ ሆናለች። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት አንዲት ጥንዚዛ እንኳ አልሆንኩም። ምን በድዬህ ነው?»

ወይ ጉድ! ለካ ከሁሉም የባሱት አኩራፊ እሳቸው ኖረዋል።

«ጋሼ» አለ እንግዳወርቅ፣ ላብ አጥምቆት፣ «ዋርካው ማን መሰለዎት?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ዋርካው እኮ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም።»

«እርስዎስ መቼ ተናግረው ያውቃሉ? ዛሬ ገና ነው።»

«ልጁ ይቆይ» አሉ ጋሽ ፀሐዩ።

ንጉሡ ብድግ አለ። «እንዴ! የእኛስ ስድብ?»

«ቁጭ በል» አሉት። «ዋርካ ሲናገር ዶሮ አይጮህም።»